ለአሮጌ መኪና የዘመኑን ጎማ ስለ መፈለግ

የታሪክ ትምህርት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታት ዜና፣ የጦር ሜዳና የድንጋይ ሐውልት ነው። ታሪክ ግን በብራናና በድንጋይ ላይ ብቻ አልተጻፈም፤ ሰው በየዕለቱ በሚገለገልባቸው ዕቃዎች ላይም ተጽፎ ይገኛል። ከነዚህም ዕቃዎች አንዱ የመኪና ጎማ ነው። ይህን ስንል አንባቢያችን ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ቢታገሠን የነገሩን ቁም ነገር እናሳየዋለን።

በወረታ የሚኖር ሰው ጎማን ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም። ከተማችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚገጥምባት መገናኛ ናት። የፎገራን ሩዝ የሚጭነው፣ ወደ ደረቅ ወደቡ ዕቃ የሚያመላልሰው፣ ገበያተኛውን ከነዕቃው የሚያደርሰው ሁሉ የሚሄደው በጎማ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት ስንጽፍ አንድ ጥያቄ መረጥን። ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በፊት የተሠራ የስፖርት መኪና፣ በተሠራበት ዘመን የነበረውን ዐይነት ጎማ ከወዴት ያገኛል? ማግኘቱስ ለምን ይጠቅማል?

የስፖርት መኪና የምንለው ዝቅ ያለ፣ ቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና ለፍጥነት የተሠራ አውቶሞቢል ነው። እንዲህ ያለውን መኪና እንደ ቅርስ የሚጠብቁ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ሞተሩ ብረት ስለ ሆነ ይታደሳል፤ አካሉ ቢዝግ ይበየዳል፤ ወንበሩ ቢቀደድ በአዲስ ቆዳ ይለበጣል። ጎማ ግን ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚሞት ነው። ቢነዱት በመንገድ ያልቃል፤ ቢያስቀምጡት በፀሐይና በአየር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንግዲህ በአሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ምስክር ጎማው ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ቀድሞ በሙቀት ጊዜ የሚለጠጥና የሚጣበቅ፣ በብርድ ጊዜ የሚሰባበር ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ከድኝ ጋር በማሞቅ የሚጸናበትን መንገድ አገኘ። በ1845 ሮበርት ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው በአየር የሚነፋ ጎማ አስቦ የፈጠራ መብት ተቀበለበት፤ ሆኖም ብስክሌትና አውቶሞቢል ገና ባልተስፋፉበት ዘመን የመጣ ሐሳብ ስለ ነበረ ተረሳ። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ እንደገና አገኘው። በ1895 ደግሞ ሚሽሊን የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር በአየር የተነፋ ጎማ ያለው አውቶሞቢል አቀረቡ። ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አመጣ። ስለዚህ ከጉድይር ጀምሮ ኢትዮጵያ መኪና እስካየችበት ቀን ድረስ ያለው ዘመን ቢቈጠር ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አይበልጥም።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ጎማ በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ሆኖ እናገኘዋለን። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው ባለ መኪና የፋሺስት ጦር ጎንደር ገባ። ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ በጠላት እጅ ስትቈይ የጣልያን ካሚዮኖች በሰሜኑ አገር መንገዶች ተመላለሱ። በመጨረሻ ወራሪው ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ጎማ የሚለው ራሱ የጣልያንኛ ቃል ነው። ጎማ የሚጠግነው ሰው ጎሚስታ፣ ጎማውን የሚለብሰው ብረት ቸርኬ፣ ለመንገድ መጠባበቂያ የሚያዘው ትርፍ ጎማ ስኮርታ፣ መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ ክሪክ መባሉ ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የተወረሰ ነው። እንግዲህ የወረታ ጎሚስታ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ባይገልጥ እንኳ ሥራውን ሲሠራ የዚያን ዘመን ታሪክ በአፉ ይናገራል።

ከነጻነት በኋላም መንገዱ አልቆመም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በቻይና እርዳታ የተሠራው፣ ወረታን ከወልድያ ጋር የሚያገናኘውና 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ የጎማውን ቊጥር ይበልጥ አበዛው። እንኪያስ የነዚያ ሁሉ ዘመናት ጎማዎች ወዴት ገቡ? መልሱ ያለው በእግር ሥር ነው። ያለቀ ጎማ በስለት እየተቈረጠ በረባሶ ይሆናል፤ በረባሶም ብዙ ገበሬ በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ ተራምዶበታል። የውስጡ ጎማ በቀጭኑ እየተተለተለ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። በአገራችን ጎማ ሌላ ሥራ ይይዛል እንጂ አይጣልም። ይህ የብልኅነት ምልክት ነው፤ ለታሪክ ፈላጊ ግን ችግር ያመጣል። በሌላ አገር ሳይሸጥ በመጋዘን ጥግ ተረስቶ የቈየ አሮጌ ጎማ አልፎ አልፎ ይገኛል። በፎገራ ግን እንዲህ ያለው ጎማ ብዙ ጥንድ ጫማ ሆኖ ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ተመላልሶ አልቋል።

ይሁን እንጂ ጎማው ቢጠፋ አጻጻፉ አልጠፋም። በከተማችን መንገድ ዳር የቆመውን ባጃጅ ጎንበስ ብሎ ያየ ተማሪ በጎማው ጎን ላይ 4.00-8 የሚል ቊጥር ያገኛል። በአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ደግሞ 7.50-16 የሚለውን ያነባል። የፊተኛው ቊጥር የጎማውን ስፋት፣ የኋለኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የድሮ የስፖርት መኪናዎችም ጎማቸውን የሚጠሩት በዚሁ አጻጻፍ ነበር። ስለዚህ 5.60-15 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የጎማው ስፋት 14.2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የቸርኬው ዲያሜትር 38.1 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በውጭ አገር እንደ ጥንት ፊደል የሚጠናው ይህ አጻጻፍ በእኛ ከተማ ዛሬም በየቀኑ የሚሠራበት ነው።

ይህን 5.60-15 የሚለውን መጠን የጠራነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የቮልስዋገንን መኪና የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። ልጁ ፌሪ ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ1948 ፖርሼ 356 የተባለውን የስፖርት መኪና ሲያወጣ ብዙ ክፍሎችን የወሰደው ከቮልስዋገን ነበር። በመጀመሪያ ሁለቱም 5.00-16 የሚባል ጎማ ነበራቸው። ቮልስዋገን በ1952 ወደ 5.60-15 ተዛወረ፤ ፖርሼም በ1955 356 ኤ የተባለውን ሲያወጣ ያንኑ መጠን ያዘ። እንግዲህ ባለጸጋ የሚነዳው ፈጣን መኪናና እኛ ቮልስ እያልን የምንጠራው ትንሽ መኪና በጎማ መጠን ወንድማማች ናቸው። በኢትዮጵያ ሆኖ ለፖርሼ 356 ጎማ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ማንኳኳት የሚገባው በር የቮልስ ባለቤቶችን በር ነው።

ቮልስ ደግሞ በታሪካችን ውስጥ የማይረሳ ስፍራ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዟቸው የወጣው አንድ ቮልስዋገን ነበር። በታላላቅ አውቶሞቢሎች ሲሄዱ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት በትንሿ መኪና የኋላ ወንበር መሄዳቸው የዘመኑን መለወጥ ከብዙ አዋጅ ይልቅ ገልጦ ያሳያል። ነገ ያን ቀን በሙዚየም ወይም በፊልም ለማሳየት የሚነሣ ሰው፣ አንድ አሮጌ ቮልስ አግኝቶ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የዛሬ ጎማ ቢያለብሰው፣ ተመልካቹ የሚያየው የ1967ን መኪና አይሆንም። ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪክ የሚበላሸው በአብዛኛው በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

መጠኑን ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አሠራሩንም መለየት ያስፈልጋል። በቀድሞው ጎማ ውስጥ ያሉት የክር ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ አግድም ተመሳቅለው የተደረቡ ናቸው። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 መብት ተቀብሎበት በ1949 ለገበያ ባቀረበው ኤክስ በተባለው ጎማ ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሄዳሉ፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ መቀነት ይዞራቸዋል። ይህ ራዲያል የተባለው ጎማ ነው። መሬትን ይበልጥ ይጨብጣል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሆኖም የስፖርት መኪና ሠሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዝነኛው ጃጓር ኢ ታይፕ እንኳ ሲወለድ የለበሰው 6.40-15 የሆነውን፣ ክሩ የተመሳቀለውን የደንሎፕ ጎማ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ሁሉ ከራዲያል በፊት ነው ማለትም፣ ራዲያል ከወጣ በኋላ ያለው ሁሉ ራዲያል ለብሷል ማለትም ትክክል አይደለም። የእያንዳንዱን መኪና ዓመት ለይቶ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱን ዐይነት ማደባለቅም፣ ይልቁንም ራዲያሉን ከፊት፣ የቀድሞውን ከኋላ ማድረግ፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ከኋላ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ አደገኛ ነው።

ከመጠኑ የራቀ ጎማ የሚያመጣውን ጉዳት በሒሳብ እናሳይ። ለ15 ኢንች ቸርኬ የተሠራ 165/80 የሚባል ጎማ፣ ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ፣ ማለት 132 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይና ከታች ያለው ሲደመር 264 ይሆናል፤ የቸርኬው 381 ሲጨመርበት ጠቅላላ ዲያሜትሩ 645 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያው ቸርኬ ላይ 195/50 የሚባል የዛሬ ጎማ ቢገባ ግን ጠቅላላው 576 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በትንሹ ጎማ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው መንገድ ስለሚያጥር፣ ለቀድሞው የተሠራው የፍጥነት መለኪያ 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በእውነት የሚሄደው 89 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በተሳሳተ ጎማ የሚሄድ መኪና መልኩን መለወጡ ብቻ ሳይሆን በገዛ መለኪያው ይዋሻል።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ። የመጀመሪያው ምስክር ስኮርታው ነው። አራቱ ጎማዎች በየዘመኑ ሲለዋወጡ፣ በሻንጣ ማስቀመጫው የተኛው ትርፍ ጎማ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያገኘ ሰው ከሁሉ በፊት ስኮርታውን አውጥቶ በጎኑ ላይ ያለውን የፋብሪካ ስምና ቊጥር በማስታወሻ ሊጽፍ ይገባዋል። ሁለተኛው ምስክር ከመኪናው ጋር የተሰጠው የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ የጎማው መጠንና የአየሩ ልክ ተጽፎ ይገኛል። ሦስተኛው የዘመኑ ፎቶግራፍ ነው። በአንድ ቤት አልበም ውስጥ ቤተ ሰቡ መኪና ተደግፎ የተነሣው ሥዕል፣ የጎማውን ጥርስና የጎኑን ቀለም ሊያሳይ ይችላል። ምስክሮቹ ከተስማሙ በኋላ የሚቀረው ጎማውን ማግኘት ነው። ፒሬሊና ሚሽሊን የቀድሞ ጎማዎቻቸውን በጥንቱ መጠንና በጥንቱ የጥርስ ቅርጽ እንደገና ይሠራሉ። በአሜሪካም በቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ኮከር የተባለው ድርጅት ለአሮጌ መኪናዎች በሚሆን ጎማ ስሙ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዳንዱ ሰው ‹‹እንደገና የተሠራ ጎማ ቅጂ ነው፤ እውነተኛው በዚያው ዘመን ከፋብሪካ የወጣው ብቻ ነው›› ይላል። ነገሩ እውነትነት ቢኖረውም በነፍስ የሚያስከፍል እውነት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ከ10 ዓመት በላይ የቈየ ጎማ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ስለሚደርቅ በፍጥነት ሲሄዱበት ይፈነዳል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ጎማ በጎኑ ላይ አራት አኀዝ ይይዛል፤ ለምሳሌ 2319 የሚለው በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህን ማንበብ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ብቻ ሳይሆን በሚኒባስ ለሚሳፈር ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

እኛ በዚህ ክርክር ፍርዳችንን የምንሰጠው ከጣና ሐይቅ ተምረን ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አንድ ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪ ግን አዲስ ደንገል አጭዶ፣ ከአባቱ በተማረው አስተሳሰርና በዚያው ቅርጽ ሌላ ይሠራል። በሐይቁ ላይ ዛሬ ከሚንሳፈፉት ታንኳዎች አንዱም የመቶ ዓመት ዕድሜ የለውም፤ ሆኖም ‹‹ይህ የጥንቱ ታንኳ አይደለም›› የሚል ሰው የለም። በሚያልቅ ነገር ላይ እውነተኛነት የሚኖረው በልኩና በአሠራሩ ነው። የጎማም ነገር እንዲሁ ነው። በመንገድ የሚነዳ አሮጌ መኪና ልኩና አሠራሩ የጥንት፣ ላስቲኩ ግን የዛሬ የሆነ ጎማ ይልበስ። በዘመኑ የተሠራው እውነተኛው ጎማ ከተገኘ ደግሞ ከመንገድ ወጥቶ በሙዚየም በክብር ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ሠሪ መለኪያ ይሆናልና።

ይህ ሥራ ለአገራችንም የሚሆን ነው። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተብሎ ሙዚየም ሆኗል፤ የንጉሠ ነገሥቱም ዘመን አውቶሞቢሎች በዚያ ለሕዝብ ይታያሉ። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአዲስ ጎማ ፋብሪካም፣ በኋላ ማታዶር አዲስ፣ ቀጥሎም ሆራይዘን አዲስ እየተባለ ስሙ ሲለዋወጥ፣ ኢትዮጵያ የሌላ አገር ጎማ ገዢ ብቻ ሳትሆን ሠሪም እንደ ነበረች ያስረዳል። በአገራችን የተሠራው ጎማ ግን እንደ ሌላው ሁሉ በረባሶ ሆኖ እንዳያልቅ፣ ከየዘመኑ ቢያንስ አንዳንድ ናሙና ሊቀመጥ ይገባ ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጓደኞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል። በየቤታችሁ፣ በየጎሚስታው ደጃፍ፣ በየጋራዡ ጥግ የወደቀ አሮጌ ጎማ ወይም ቸርኬ ብታገኙ፣ ከመቈረጡ በፊት በጎኑ ላይ ያለውን ስም፣ መጠንና ቊጥር ጻፉ። የመኪናውን ዐይነትና በየትኛው መንገድ ይሠራ እንደ ነበረ ሽማግሌ ሹፌሮችን ጠይቁ። የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ካለም ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱን አስጽፉ። ከዚያ በኋላ ጎማው በረባሶ ቢሆን አያሳዝንም፤ እግር ይለብሰዋል፣ ታሪኩም በደብተር ይቀመጣል። ትምህርት ቤታችን የሚመጣውን በዓሉን ሲያከብር ይህ ደብተር ሞልቶ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እንዲገኝ እንመኛለን።